ለበዓል የትኛውን መብራት እንግዛ? የጅማ ሒሳብ

ገና ሲቃረብ ጅማ መርካቶ ብትወጡ፣ በየሱቁ በር ላይ የተንጠለጠለው የጌጥ መብራት ዓይን ያጭበረብራል። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው፣ በድንጋይ የሚሠራው፣ ሶላሩ። ገዢው አንዱን ያነሣና የሚጠይቀው ሁሌ አንድ ነው፦ «ይሄ ቆጣሪ አይበላም?» ሻጩም መልሱ ተዘጋጅቶለታል፦ «ኧረ ምንም አይበላም!»

ሻጩ ብዙም አልዋሸም። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። እኛ ዘንድ የበዓል መብራት ገንዘብ የሚበላው በቆጣሪ በኩል አይደለም። ዕቃው በዓመቱ ሲሞት፣ ድንጋይ ሲቀየርለት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ሲነሣለት ነው። አካባቢን የሚጎዳውም በዚያው በኩል ነው። ስለዚህ አማራጮቹን በዚህ ዓይን እናወዳድራቸው።

የአሜሪካ ወሬ እና የእኛ ወንዝ

በየዓመቱ የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ አንድ ወሬ ይዞራል፦ የአሜሪካኖች የገና መብራት ብቻውን ኢትዮጵያ በዓመት ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ ይበልጣል የሚል። ወሬው መሠረት አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ጥናት የበዓል መብራታቸውን በዓመት 6.63 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪያችን የሚቆጥርበት መለኪያ) ብሎ ገምቶ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ሴንተር ፎር ግሎባል ዴቨሎፕመንት የሚባለው የጥናት ተቋም ይህንን ከኢትዮጵያ ዓመታዊ ፍጆታ ጋር አስተያየው። የእኛ 5.3 ቢሊዮን ነበር። ሲሰሙት ያናድዳል።

ግን ቁጥሩ ቆይቷል። እነሱ ከዚያ ወዲህ በብዛት ኤልኢዲ ወደሚባለው፣ ትንሽ ኃይል ወደሚወስደው የመብራት ዓይነት ዞረዋል። እኛም ግልገል ጊቤ 3ን በ2016 እ.ኤ.አ.፣ ሕዳሴን በ2025 እ.ኤ.አ. አስመርቀናል። ዋናው ልዩነት ደግሞ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የእነሱ ኤሌክትሪክ ትልቁ ክፍል ከጋዝና ከድንጋይ ከሰል ይመጣል። የእኛ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አሰንዳቦን አልፋችሁ የምታገኙት የግልገል ጊቤ ግድብ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ አቅሙ 184 ሜጋዋት። ያው ውኃ በ26 ኪሎሜትር ዋሻ ተጉዞ ጊቤ 2 ላይ እንደገና ተርባይን ያዞራል፣ 420 ሜጋዋት። ግድብም ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። ለሐይቁ ሲባል መሬቱን የለቀቀ ገበሬ አለ። ግን ማታ በረንዳችሁ ላይ አምፖል ስላበራችሁ የሚጨምር ጭስ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ከውጭ የተቀዳ «መብራታችሁን አጥፉ፣ ምድርን አድኑ» የሚል ምክር ጅማ ላይ ብዙም አይሠራም። እዚህ የሚያስፈልገው ሌላ ምክር ነው።

የድሮው አምፖል ወይስ ኤልኢዲ?

ሒሳቡን እንሥራው። የድሮው ዓይነት፣ ሲነኩት የሚሞቅ ጥቃቅን የመስታወት አምፖል 100 የተደረደረበት ገመድ ወደ 40 ዋት ይወስዳል። 100 ፍሬ ያለው ኤልኢዲ 6 ዋት አካባቢ ነው። በየማታው ከ12 እስከ 5 ሰዓት፣ ለ30 ቀን አበራችሁት እንበል። የድሮው 6 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል፣ ኤልኢዲው 0.9።

የቤት ታሪፍ እንደ አጠቃቀም መጠን ይለያያል፣ ማስተካከያም ሲደረግበት ቆይቷል። የራሳችሁን ከደረሰኛችሁ ላይ እዩት። ለስሌት እንዲመቸን 5 ብር እንበለው። የድሮው በወር 30 ብር፣ ኤልኢዲው 4 ብር ከ50 ሳንቲም። ልዩነቱ 25 ብር ከ50። ለአንድ ማኪያቶ እንኳ አይበቃም።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ግልጽ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ የድሮ ገመድ ካለና ደኅና ከሆነ፣ «ቆጣሪ ይበላል» ብላችሁ አትጣሉት። አዲሱ ተሠርቶ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከጅቡቲ በከባድ መኪና ተጎትቶ ነው የመጣው። የወጣበት ፕላስቲክ፣ መዳብና ነዳጅ እናንተ በምትቆጥቡት 5 ኪሎዋት ሰዓት አይካስም። ከውኃ የመጣ 5 ኪሎዋት ሰዓት ለዚያውም።

አዲስ መግዛታችሁ ካልቀረ ግን ያለ ክርክር ኤልኢዲ ነው። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የድሮው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። ብዙ ቤት ደግሞ የጥድ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ በረዶ ለማስመሰል ጥጥ ይበተንበታል፣ በላዩ ላይ መብራቱ ይጠመጠማል። ጥዱ በሳምንቱ ይደርቃል። ደረቅ ጥድ፣ ጥጥና ትኩስ አምፖል አንድ ላይ፣ ከመጋረጃው አጠገብ! የድሮውን ገመድ ጥጥና መጋረጃ በሌለበት በረንዳ ላይ ተጠቀሙበት፣ ዛፉን ለኤልኢዲ ተዉት።

ካፌ ወይም ሆቴል ላላችሁ ሒሳቡ ሌላ ነው። 40 ገመድ የድሮ አምፖል 1,600 ዋት ነው። በቀን 6 ሰዓት ለ30 ቀን 288 ኪሎዋት ሰዓት። ያው ብዛት በኤልኢዲ 43 ነው። በዚያው በ5 ብር 1,440 ብር እና 216 ብር። የንግድ ታሪፍ ስለሚለይ የራሳችሁን አስገቡበት። እዚህ ላይ መቀየር ያዋጣል፣ በተለይ መስመር ላይ የሚፈጠረው ጭነት ሲታሰብ። 1,600 ዋት በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ የሚሰካ ሰው ማታ መተኛት የለበትም።

ኤልኢዲ ሁሉ አንድ አይደለም

ይህ ክፍል ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ የምትጠቀሙበት ነው።

ሶኬት ላይ የሚሰኩ የኤልኢዲ ገመዶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው መሰኪያው አጠገብ አንዲት ትንሽ ሳጥንና ቁልፍ አለችው። ቁልፏን ስትጫኑ ብልጭ ድርግም የሚልበት ዓይነት ይቀያየራል። ቀላል ነች፣ ባዶ ትመስላለች። ብዙውን ጊዜ ይቺ ሳጥን ኃይሉን አትቀንሰውም። በገመዱ ውስጥ የሚሄደው የግድግዳው 220 ቮልት ነው ማለት ነው። ገመዱ የሆነ ቦታ ላይ ከተላጠ፣ የአንድ ልጅ እርጥብ እጅ ከነካው፣ ያው ሶኬት ውስጥ ጣት እንደ ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መሰኪያው ራሱ ወፍራም ነው፣ እንደ ስልክ ቻርጀር። ላዩ ላይ የሚወጣው ኃይል ተጽፎበታል፤ 24 ወይም 31 ቮልት የሚል ቁጥር ፈልጉ። ይህ ዋጋው ከፍ ይላል። ለልጆች ቤትና ለደጅ ግን ሌላ አትግዙ። እዚያው ላይ አይፒ የሚል ምልክትና ሁለት ቁጥር አለ። 44 ከሆነ የሚረጭ ውኃ ይችላል። 20 ከሆነ ለቤት ውስጥ ብቻ ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

ይህ ጥንቃቄ ለበዓል የተለየ ትርጉም አለው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ የጅማ ዝናብ ገና አልለቀቀም። ጥምቀት በበጋ ነው፣ ዝናቡ የለም፤ ግን ጠበል አለ። የሰፈር ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው መንገዱን በባንዲራና በመብራት ያስጌጣሉ፣ በዚያው መንገድ ሕዝቡ ላይ ጠበል ይረጫል። በዚያ ቦታ ላይ 220 ቮልት የሚሄድበት ቀጭን ገመድ መስቀል ዕብደት ነው። ከፖል በቀጥታ መቀጠልማ አይወራም።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አሰኩት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ይብራ፣ ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች። መሰኪያውን ንኩት፤ ከሞቀ መልሱት። ገመዱን ከአምፖሉ ጋር የሚገናኝበት ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ እየተንሸራተተ ከወጣ ዕድሜው ከበዓሉ አያልፍም። ቤት ስትገቡ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ንቀሉት። ኃይሉ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። ደቂቃዎች ቆይታችሁ ብትሰኩት ብዙ ኤልኢዲ ከሞት ይድናል።

በድንጋይ የሚሠራው፦ ርካሹ ውድ ዕቃ

መግዣው ዝቅ ያለው ይኸኛው ነው፣ ለዚህም ነው በብዛት የሚሸጠው። ቀጭን የሽቦ ገመድ፣ ጥቃቅን ፍሬ፣ ሦስት ድንጋይ የሚገባበት ሳጥን። ሶኬት አይፈልግም፣ አይነዝርም። ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ያምራል፣ አልክድም።

አሁን ድንጋዩን እንቁጠር። አንድ ደኅና አልካላይን ድንጋይ፣ የሪሞት ዓይነቱ ትንሹ ሁለት ኤ፣ ወደ 3 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሦስቱ 9 ይሆናሉ። ገመዱ 1 ዋት ቢወስድ ዘጠኝ ሰዓት ያህል፣ ማለትም ሁለት ማታ እንኳ በደንብ አይሞላም። ወሩን ሙሉ በቀን 5 ሰዓት ልታበሩት ካሰባችሁ 50 ድንጋይ ገደማ ያስፈልጋችኋል። በርካሹ፣ ካርቦን ዚንክ በሚባለው ድንጋይ ከሆነ ከዚያም በላይ ነው።

50 ድንጋይ የሰጣችሁ ኃይል ስንት ነው? 0.15 ኪሎዋት ሰዓት። ከሶኬት ብትወስዱት በዚያው በ5 ብር ሒሳብ 75 ሳንቲም። የ50 ድንጋይ ዋጋ ስንት እንደሆነ ከሱቃችሁ ጠይቁና ከ75 ሳንቲም ጋር አስተያዩት።

ከዚያስ ድንጋዩ የት ይሄዳል? ሰፈር ውስጥ ለይቶ የሚወስድልን የለም። ጓሮ ይጣላል፣ ከቆሻሻ ጋር ይቃጠላል፣ ወይም በጎርፍ ተጠርጎ አዌቱ ወንዝ ይገባል። ድንጋይ ሲበሰብስ የሚያፈሰው ነገር ቆዳ ያቃጥላል። ዚንክና ማንጋኒዝ አለው፣ አሮጌና ርካሽ የሆኑት ደግሞ የባሰም ሊኖራቸው ይችላል።

የአዝራር ቅርጽ ያላት ክብ ድንጋይ የሚገባባት ጥቃቅን ሻማና ኮከብ ደግሞ ሕፃን ባለበት ቤት አትግባ። ልጅ ከዋጣት ጉሮሮ ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ተዋጠች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

የድንጋይ መብራት ቦታው አንድ ማታ ነው። የልደት ኬክ አጠገብ፣ የሠርግ ጠረጴዛ ላይ። ከዚያ ካለፈ በቻርጅ የሚሞላ ድንጋይ ግዙለት። ቻርጀሩ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ግን በመቶዎች ጊዜ ይሞላል። ለራዲዮውም ለግድግዳ ሰዓቱም ይሆናል።

ሶላር፦ በዓሉን ጠይቁት

ሶላር ገመድ ጅማ ላይ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? መልሱ የትኛው በዓል ነው የሚለው ላይ ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፤ ሰማዩ ጥርት ያለበት ወቅት ነው። ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠገበ ፓኔል ማታ ሰዓታት ያበራል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2018 ዓ.ም. የገባው በየካቲት ነው፣ ለሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታትም በበጋ ስለሚውል ለሶላር ይመቻል። እንቁጣጣሽ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ደመናው እንደተኮፈሰ ነው። መስከረም 1 ማታ የበራው ሶላር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ። መስቀልም ላይ ዕድላችሁን ነው የምትሞክሩት።

ሰዎች «ሶላር ተበላሸ» ብለው የሚጥሉት አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ባትሪው ብቻ ሲሆን ነው። ውስጡ ያለችው በቻርጅ የምትሞላ ትንሽ ባትሪ በአንድ በሁለት ዓመት ትደክማለች። ፓኔሉ ግን ብዙ ዓመት ይኖራል። ስትገዙ ከጀርባው ብሎን ያለውን ምረጡ፣ በሙጫ የተዘጋውን ተዉት። ብሎን ያለውን ከፍታችሁ፣ ላዩ ላይ 1.2 ቮልት የሚል ካያችሁ፣ ያንኑ ዓይነት መልሳችሁ አስገቡ። ተራ ድንጋይ እንዳታስገቡበት። ቻርጅ ሲደረግ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ፓኔሉንም በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። የበጋ አቧራ እንደ ደመና ያግደዋል።

መብራት ሲጠፋስ?

በዓል ላይ መብራት መጥፋቱ የታወቀ ነው። ሁሉም ሰው ምጣዱን፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁን አንድ ላይ ነው የሚያስነሣው። ታዲያ ጌጡን ለማስቀጠል ብሎ ጄኔሬተር የሚያስነሣ አለ። ከአማራጮቹ ሁሉ መጥፎው ይሄ ነው፣ በገንዘብም በጭስም።

ትንሿ የቤንዚን ጄኔሬተር ጭነቷ ቀላል ቢሆንም በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ትጠጣለች። 5 ሰዓት ብትሠራ 2.5 ሊትር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። አንዲት ማታ ወደ 6 ኪሎ ጭስ ማለት ነው። የዓመቱን ሁሉ የቤታችሁን ጌጥ መብራት በአንድ ማታ አስበለጣችሁት። ጩኸቱ ለጎረቤት፣ ነዳጅ ለመቅዳት ማደያ የምታቆሙት ሰዓት ደግሞ ለራሳችሁ። ሆቴሎች ፍሪጅና ኩሽና ስላላቸው ማስነሣታቸው አይቀርም። ያኔም ጌጡ በሌላ ብሬከር ላይ ይሁንና መብራት ሲጠፋ ይጥፋ። ጄኔሬተሯ ሥጋውን ትጠብቅ።

ለቤት የተሻለው በዩኤስቢ የሚሠራ ገመድ ነው። ስልክ ቻርጀር ላይ ይሰካል፣ መብራት ሲሄድ ነቅላችሁ ፓወር ባንክ ላይ ትሰኩታላችሁ። 5 ቮልት ስለሆነ አይነዝርም። 10,000 የሚል ደኅና ፓወር ባንክ 2 ዋት የሚወስድ ገመድን ሌሊቱን ያደርሰዋል። አንድ እንከን አለው። አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚወሰደው ኃይል ሲያንስበት «ስልኩ ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ስትገዙ የራሳችሁን ፓወር ባንክ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሞክሩት። እኔን ለአንድ ጅማ ለሚኖር ተራ ቤተሰብ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው።

ሻማ ለጸሎት ነው። ለጌጥ ግን ብዙ ሙቀት፣ ትንሽ ብርሃን ነው። መጋረጃና ልጅ ባለበት አያስፈልግም።

ከመግዛት መከራየት

ደጃፉን ሞልቶ ማስጌጥ የሚፈልግ፣ ለጥምቀት መንገዱን የሚያሰማምር ኮሚቴ፣ ለዒድ መስጊዱን የሚያደምቅ ጀመዓ፣ ሁላቸውም ስለ ኪራይ ቢያስቡ ይሻላቸዋል። የሠርግ ዲኮር የሚሠሩ ሰዎች በብዛት መብራት አላቸው። አንድ ገመድ እነሱ ዘንድ በዓመት ብዙ ጊዜ ይሠራል። የእናንተ ግን አንድ ሳምንት ሠርቶ ሃምሳ አንዱን ሳምንት አይጥ ሲበላው ይከርማል። ኪራዩ የሚከብደው በጥር ነው፣ ሠርግ ስለሚበዛ። ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መግዛት ካለባችሁ ደግሞ ቀለሙን አስቡበት። የገና አባት ምስል ያለበት ቀይ ገመድ ለአንድ በዓል ብቻ ነው። ሞቅ ያለ ቢጫ ግን ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለረመዳን፣ ለሠርግ፣ ለምርቃት ይሆናል። በጅማ አንድ ግቢ ውስጥ ዒድም ገናም የሚከበርበት ቤት ብዙ ነው። ጎረቤቱ ከጎረቤቱ ድስትና ወንበር ይዋሳል፣ ገመድ መዋዋስ ምን ይከብዳል? ቢጫው ለዓይንም ለነፍሳትም ይሻላል። ሰማያዊና በረዶ ነጭ ብርሃን ነው ሌሊት ነፍሳትን ይበልጥ የሚጠራው። ግቢያችሁ ውስጥ ዛፍ ላይ ከሰቀላችሁ እስኪነጋጋ ድረስ አታቆዩት፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የሚያጠፋ ታይመር ግዙለት።

ሲያልቅ

ገመዱን አታቃጥሉት። ሽፋኑ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይልጣል፣ ዲዮክሲን የሚባል መርዝም አለበት። መዳቡን ለማውጣት ብለው ልጆች ሰብስበው ሲያቃጥሉ ካያችሁ አስቁሟቸው። ከአንድ ቀጭን የጌጥ ገመድ የሚወጣው መዳብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሞተውን ለቆራሌ ስጡ፣ አስማሚውንና መሰኪያውን ግን ቆርጣችሁ አስቀሩ። ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ይፈልገዋል።

ያልሞተውን ክርናችሁ ላይ አትጠቅልሉት፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ የሚበጠሰው በዚያ ነው። ከብስኩት ካርቶን አራት ማዕዘን ቁረጡ፣ ጫፉን ሰንጥቁና መሰኪያውን አስገቡበት፣ ከዚያ በሰፊው ጠምጥሙት። ድንጋይ ካለው አውጡለት። ካርቶኑ ላይ የትኛው ክፍል እንደማይበራ፣ የተገዛበትን ወርና ስንት ዋት እንደሆነ በእስክሪብቶ ጻፉበት። ከዚያ ደረቅ ቦታ፣ ከአልጋ ሥር ሳይሆን ከቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀምጡት። የጅማ ክረምት ወለል ላይ ያለ ነገር ሁሉ ያሻግታል።